ድንኳን ሰባሪው መልስ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር። ከሚያዝያ 2015ቱ ጦርነት በፊት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው የሻሃዳ ፈተና የደረሰበት ሰሞን ነው። መብራት ስለጠፋ የእናትየው ቡና ቤት ደንበኛ የለውም፤ የኋላዋ ክፍል ለጥናት ተለቃለች። ጋሼ ጎንደር ፋሲለደስ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ወጥተው እዚሁ የቀሩ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጅቷ ካርቱም ተወልዳ በሱዳን ትምህርት ቤት ያደገች ነች። በሞባይል መብራት አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋሉ፣ እሷ በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፤ የሩት ምልክቷም ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆመው። የማይታወቀውን ቁጥር እሳቸው ኤክስ፣ እሷ ሲን ይሉታል። ለዛሬ ማታ ሀ ይባል ተብሎ ስምምነት ተደርሷል።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ ተሳስቷል መሰለኝ። እኔ ሁለት መልስ አገኘሁ፤ ከኋላ የተጻፈው ግን አንድ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ መጽሐፍ ይሳሳታል፤ ዛሬ ግን አይመስለኝም። እስቲ ጥያቄውን አንብቢልኝ።

ልጅ፦ √(ሀ + 6) = ሀ። ሩቱ እንዲጠፋ ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አደረግኋቸው፤ ሀ + 6 = ሀ² መጣ። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰበሰብኩት፤ ሀ² − ሀ − 6 = 0። ይሄ ደግሞ (ሀ − 3)(ሀ + 2) = 0 ነው። ስለዚህ ሀ ወይ 3 ነው፣ ወይ −2። ኻላስ።

ጋሼ፦ ኻላስ ለማለት ገና ነሽ። 3ን የመጀመሪያው መስመር ላይ ተኪው።

ልጅ፦ 3 ሲደመር 6፣ 9። የ9 ሩት 3። በዚያኛውም በኩል 3 ነው። ልክ ነው።

ጋሼ፦ −2ንስ?

ልጅ፦ ከ6 ላይ 2 ሲቀነስ 4፣ የ4 ሩት 2። በዚያኛው በኩል −2። አይገጥምም። ግን ቆይ ጋሼ፣ የ4 ሩት −2ም ይሆናል እኮ! −2 በ−2 ሲባዛ 4 ነው።

ጋሼ፦ ሰው ሁሉ የሚደናቀፈው እዚችው ላይ ነው። በራሱ ተባዝቶ 4 የሚሰጥ ቁጥር የትኛው ነው ብዬ ብጠይቅሽ ሁለት አለ፤ 2 እና −2። √4 ብዬ ስጽፍልሽ ግን የጠራሁት አንዱን ብቻ ነው፤ ከዜሮ የማያንሰውን። ሌላውን ስፈልግ ማይነሱን ራሴ ከፊት እጽፋለሁ።

ልጅ፦ ማን ነው እንደዚያ ያለው?

ጋሼ፦ ሰው የተስማማበት ውል ነው። ምልክቱን ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1525 ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ ተጠቅሞበታል፤ ውሉ እየዋለ እያደረ ነው የጸናው። ለምን እንዳስፈለገ ላሳይሽ። √4 + √9 ስንት ነው?

ልጅ፦ 5።

ጋሼ፦ አንቺ እንዳልሽው እያንዳንዱ ሩት ሁለት ቁጥር ቢሆን ኖሮ 5ም፣ 1ም፣ −1ም፣ −5ም ይሆን ነበር። እንዲህ ከሆነ ምኑ ተደመረ ይባላል?

ልጅ፦ እሺ፣ ውሉን ተቀበልኩ። −2 ግን ከየት መጣ? መስመር በመስመር መልሼ አየሁት፤ የተሳሳትኩት የለም።

ጋሼ፦ አልተሳሳትሽም። እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው በትክክል ይወጣል። ችግሩ ከታች ወደ ላይ መመለስ አለመቻሉ ነው። ሁለት ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ስኩዌራቸውም እኩል ነው፤ ይሄ ጥርጥር የለውም። ስኩዌራቸው እኩል የሆነ ሁሉ ግን እኩል ነው? 3 እና −3ን እያቸው፤ ሁለቱም 9 ይሰጡሻል። ስኩዌር ስታደርጊ ማይነሱ ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ ማይነስ የነበረው የትኛው እንደሆነ የሚናገርልሽ የለም። ሀ + 6 = ሀ² የሚለው መስመርሽ ከ√(ሀ + 6) = ሀ ሊመጣ ይችላል፤ ከ−√(ሀ + 6) = ሀም ሊመጣ ይችላል። −2 የሁለተኛው መልስ ነው። እዚያ ተኪው፣ ልክ ይገጥማል።

እናት፦ (ጀበናውን ከእሳት እያወረደች) ድንኳን ሰባሪ ነዋ!

ጋሼ፦ እንዴት ነው እሱ?

እናት፦ ሰርግ ላይ ድንኳኑን ገለጥ ሲያደርጉት የጠሩትም ያልጠሩትም አብሮ ይገባል። ድንኳን ሰባሪም ሱፉን ግጥም አድርጎ ነው የሚመጣ። መልኩን አይቶ ማን ይለየዋል?

ጋሼ፦ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አላልኩትም። ይኸውልሽ ልጄ፣ እናትሽ ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሩን ስታሰፊው ከተጠራው ሰው አንድም ውጭ አይቀርም። ስኩዌር ማድረግ መልስ ሊጨምር ይችላል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ የጎደለ እንግዳ ፍለጋ አትወጪም፤ ድንኳኑ ውስጥ ያሉትን ብቻ አንድ በአንድ ትጠይቂያለሽ። ጊዜ ከተረፋችሁ ቼክ አድርጉ ይላል ብዙው መምህር። የጊዜ መትረፍ ጉዳይ አይደለም፤ ያለ እሱ ሥራው አላለቀም።

ልጅ፦ አሁን ገባኝ። ኔጌቲቩን መጣል ነው።

ጋሼ፦ አልገባሽም። √ሀ = ሀ − 2ን ሥሪ።

ልጅ፦ ስኩዌር ሲሆን ሀ = ሀ² − 4ሀ + 4። ከዚያ ሀ² − 5ሀ + 4 = 0። 1 እና 4። ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። 4ን ስተካው የ4 ሩት 2፣ ከ4 ላይ 2 ሲነሳም 2፤ ይገባል። 1ን ስተካው የ1 ሩት 1፣ 1 − 2 ግን −1... ውይ፣ ፖዘቲቩ ነው የሚባረረው!

ጋሼ፦ √(ሀ + 6) = −ሀስ?

ልጅ፦ ስኩዌሩ የቅድሙ ነው፤ 3 እና −2። 3 ሲተካ በወዲህ 3፣ በወዲያ −3፤ ወጣ። −2 ሲተካ በወዲህ 2፣ በወዲያ የማይነስ 2 ማይነስ፣ 2፤ ገባ። ኔጌቲቩ ቀረ፣ ፖዘቲቩ ሄደ።

ጋሼ፦ √(3ሀ − 2) = ሀ?

ልጅ፦ ሀ² − 3ሀ + 2 = 0፤ 1 እና 2። የ1 ሩት 1። ከ6 ላይ 2 ሲነሳ 4፣ ሩቱ 2። ሁለቱም የተጠሩ ናቸው። እንግዲያው ደንብ የለውም ማለት ነው?

ጋሼ፦ አለው። በአንድ ወገን ሩቱ ብቻውን ከቆመና በሌላው ወገን ሩት ከሌለ፣ ያገኘሽውን ቁጥር ሩት በሌለው ወገን ብቻ ተኪው። ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ ከሰጠሽ መልስ ነው። ከዜሮ በታች ከሰጠሽ አይደለም። በቃ።

ልጅ፦ ከሩቱ ሥር ያለውስ ኔጌቲቭ ቢሆን? ትምህርት ቤት መጀመሪያ የምንጽፈው እሱን ነው።

ጋሼ፦ አይሆንም። ከሩቱ ሥር ያለው ነገር ከአንድ ቁጥር ስኩዌር ጋር እኩል ወጥቷል፤ ስኩዌር ደግሞ ኔጌቲቭ ሆኖ አያውቅም። ሳትነኪው ራሱ ተጠብቋል።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው ጣልቃ ልግባ። ብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ተማሪውን ከሩቱ ሥር ያለው ኔጌቲቭ የማይሆንባቸውን ቁጥሮች ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሰላ ያደክመዋል፤ ያ ሁሉ ድካም በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አንድም ድንኳን ሰባሪ አይዝም። በመጀመሪያው ጥያቄ −2ን ተመልከቱት፤ ሀ + 6 እዚያ 4 ነው፣ እንከን የለበትም። የሚያጋልጠው ሩት የሌለበት ወገን ነው። ተማሪው ጥበቃውን ሰው በማያልፍበት በር ላይ አቁሞ፣ በዋናው በር የገባውን ሳያይ ይቀራል።)

ልጅ፦ አልጀብራን የጀመረው ኸዋሪዝሚ ነው ይሉናል። እሱም እንዲህ ይጨነቅ ነበር?

ጋሼ፦ የእሱ ጭንቀት ሌላ ነበር። ከ1200 ዓመት በፊት ባግዳድ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን ሲጽፍ ምልክት የለው፣ ኔጌቲቭ ቁጥር የለው፤ ሁሉንም በቃል ነው የሚዘረዝረው። እኩልታዎቹን በስድስት ዓይነት ከፈላቸው። ከስድስቱ አንዱ ስኩዌርና ቁጥር ተደምረው ከሥሩ ብዜት ጋር እኩል የሚሆኑበት ነው፤ ያንቺው ሀ² + 4 = 5ሀ ማለት ነው። በእሱ መንገድ ሥሪው። የ5 ግማሽ?

ልጅ፦ 2.5።

ጋሼ፦ ስኩዌሩ 6.25። 4 አንሺለት፤ 2.25። ሩቱ 1.5። 2.5 ላይ ስትደምሪው 4፣ ስትቀንሺው 1። ይኸው ሁለቱ መልሶችሽ። በዚህ ዓይነቱ ላይ የሰጠው ምክር ምን መሰለሽ? መደመሩን ሞክር፣ ካልሆነልህ መቀነሱ ይሆናል ነው። ሞክር ነው የሚለው። ቁጥሩ ወጣ ብሎ አልተኛም።

ልጅ፦ በእኔ ጥያቄ መደመሩ ነው የሠራው።

ጋሼ፦ አዎ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ግብጻዊው አቡ ካሚል መጣና ሩት ያለባቸውን ቁጥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር እየደመረና እያባዛ፣ መልስም እያደረገ ይቀበላቸው ጀመር። ይሄ ጉድ ከዚሁ ከዓባይ ወንዝ ዳር ነው የመጣብሽ። በይ አሁን ሩቱ ሁለት ይሁን። √(ሀ + 7) + √ሀ = 7።

ልጅ፦ ስኩዌር። ሀ + 7 + ሀ = 49። 2ሀ = 42። ሀ = 21።

ጋሼ፦ ቼክ።

ልጅ፦ የ28 ሩት 5.3 ገደማ፣ የ21 ሩት 4.6 ገደማ። ወደ 9.9 ነው። 7 አይደለም። ይሄም ድንኳን ሰባሪ ነው።

ጋሼ፦ የለም፣ ይሄ ስህተት ነው። ልዩነቱን ያዢ። ድንኳን ሰባሪ በትክክል ሠርተሽም ይመጣል። ይሄኛው የመጣው ስላበላሸሽ ነው፤ ይባስ ብሎ የተጠራውንም እንግዳ አስቀርቶብሻል። 3 ሲደመር 4 ስንት ነው?

ልጅ፦ 7፤ ስኩዌሩ 49።

ጋሼ፦ የ3 ስኩዌር 9፣ የ4 ስኩዌር 16፤ ድምሩ 25። 24 የት ሄደ?

ልጅ፦ ሁለት ጊዜ 3 በ4። መካከለኛውን ረሳሁት።

ጋሼ፦ መካከለኛውን የረሳ ተማሪ ብዛቱን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አንዱን ሩት ብቻውን አቁሚና ሌላውን ወደ ማዶ አሻግሪው።

ልጅ፦ √(ሀ + 7) = 7 − √ሀ። ስኩዌር ሲሆን ሀ + 7 = 49 − 14√ሀ + ሀ። ሀ ከሀ ተጣፋ። 14√ሀ = 42፤ √ሀ = 3፤ ሀ = 9። ቼክ ሳደርገው የ16 ሩት 4፣ የ9 ሩት 3፤ ድምሩ 7። መጣ!

እናት፦ (ሲኒ እየደረደረች) እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ለፈተና ብቻ ነው ወይስ ሥራ ላይም ይውላል?

ጋሼ፦ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ሲጣል አይተሽ ታውቂያለሽ?

እናት፦ እንዴታ! መጀመሪያ እንደመጣሁ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዳ ገብቼ አልነበር? ከካምፑ አለፍ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር። ስንት ገመድ እንደሚበላ ለማወቅ ጎረምሶቹ ድንጋይ ይለቁና ጆሯቸውን ቀስረው ይቆጥራሉ።

ጋሼ፦ በይ እንግዲህ፣ ድንጋዩ ከተለቀቀ 4.25 ሰከንድ ቆይቶ ቧ የሚል ድምፅ ተሰማ እንበል። ልጄ፣ ድንጋይ በስንት ሰከንድ ስንት ሜትር ይወድቃል?

ልጅ፦ ፊዚክስ ላይ ተምረናል። የስበቱን ቁጥር 10 ካልነው፣ ሰከንዱ ስኩዌር ተደርጎ በ5 ይባዛል።

ጋሼ፦ በቀጥታ ብትሠሪው?

ልጅ፦ የ4.25 ስኩዌር 18 ከምናምን... በ5፣ 90.3 ሜትር።

እናት፦ ለ90 ሜትር ገመድ ስንት እንደሚከፈል ታውቃላችሁ?

ጋሼ፦ ያውም ያለ አግባብ ነው የምትከፍይው። የሰማሽው ድንጋዩ ሲያርፍ አይደለም፤ ድምፁ ተመልሶ እስከ ላይ ሲደርስ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ካርቱም 40 ዲግሪ ሲሆን 355 ይጠጋል፤ ጉድጓድ ውስጥ ግን ቀዝቀዝ ስለሚል 340 ይበቃናል። ስለዚህ 4.25 ሰከንዱ ሁለት ጉዞ ነው፤ የድንጋዩ መውረድና የድምፁ መውጣት። ጥልቀቱን ሀ በይው።

ልጅ፦ መውረጃው √(ሀ/5) ሰከንድ። መውጫው ሀ/340። √(ሀ/5) + ሀ/340 = 4.25። ሩት ያለበት እኩልታ ሆነ!

ጋሼ፦ ያልጠራነው መጣ። ቀጥይ።

ልጅ፦ ሩቱን ብቻውን ላቁመው። √(ሀ/5) = 4.25 − ሀ/340። ስኩዌር ሳደርገው፣ መካከለኛውን ሳልረሳ... (ብዙ ትጽፋለች፤ ሞባይሏን ወስዳ ታሰላለች) ሀ² − 26010ሀ + 2088025 = 0። ሁለት መልስ አለው። አንዱ 80.5 ሜትር። ሌላው... ጋሼ፣ 25929 ሜትር ይላል።

እናት፦ ሃያ አምስት ሺህ?

ጋሼ፦ 26 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ። ሰው እስከዛሬ የቆፈረው ጥልቁ ቀዳዳ ሩሲያ ውስጥ ኮላ የሚባለው ነው፤ እሱ 12 ኪሎ ሜትር ከሩብ አካባቢ ላይ ቆሟል። ያንቺ ጉድጓድ እጥፉ ነው።

ልጅ፦ በቅድሙ ደንብ ልየው። ሩት የሌለበት ወገን 4.25 − ሀ/340 ነው። ይሄ ዜሮ የሚሆነው ሀ 1445 ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ሁሉ ኔጌቲቭ ይሰጣል። 25929 ይወጣል።

ጋሼ፦ ጎበዝ። ግን ከመባረሩ በፊት ወሬውን እንስማው። በእሱ መሠረት ድምፁ 25929ን በ340 አካፍለሽ 76.26 ሰከንድ ነው የሚጓዘው። ጠቅላላው 4.25 ከሆነ ለድንጋዩ ስንት ተረፈው?

ልጅ፦ −72 ሰከንድ!

ጋሼ፦ ድንጋዩ ሳይለቀቅ ከ72 ሰከንድ በፊት መሬት ነክቷል፤ ድምፁ 76 ሰከንድ ተጉዞ፣ ድንጋዩ ከተለቀቀ 4.25 ሰከንድ በኋላ ጆሮሽ ደረሰ። ቁጥሩ ቅንጣት አይዛነፍም። ስኩዌሩ ላይ ፕላስ 72ም ማይነስ 72ም አንድ ስለሆኑ አልጀብራው ነውር አላየበትም። ጊዜ ወደ ኋላ እንደማይሄድ የምናውቀው እኛ ነን።

እናት፦ (እየሳቀች) እንዲህ ያለውን ለፖሊስ ነው መስጠት።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ያን ሁሉ ትልልቅ ቁጥር ሳልነካ አይሠራም ነበር?

ጋሼ፦ ይሠራል። የሚወድቅበትን ሰከንድ ተ በይው። ጥልቀቱ 5ተ² ነው። ተ + 5ተ²/340 = 4.25። በ68 አባዢው፤ ተ² + 68ተ − 289 = 0። ሩት የለ፣ ስኩዌር የተደረገ ነገር የለ። ተ ወይ 4.01 ነው፣ ወይ −72.01። ድንኳን ሰባሪው አሁንም አለ፤ ግን ማይነሱን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ነው የመጣው። እኔ ሁልጊዜ ይሄኛውን መንገድ እመርጣለሁ፤ ፈታኞች ግን ሩቱን ማየት ይወዳሉ።

እናት፦ እና ገመዱ?

ልጅ፦ 80 ሜትር ከግማሽ፣ እማዬ። ድምፁን ባንቆጥር 10 ሜትር ገመድ በከንቱ እንገዛ ነበር።

እናት፦ እዚህስ ወንዝ ዳር፣ ጉድጓድ በሌለበት?

ጋሼ፦ ወንዝ ዳር ይብሳል። የጀዚራን እርሻ ታውቂው የለ? እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ሲያልቅ ጀምሮ የእኛኑ ዓባይ ውሃ ያለ ሞተር፣ በቦይ ቁልቁል እየለቀቁ ነው የሚያጠጡት። ቦዩ ላይ በር አለ። ከበሩ በላይ ያለው ውሃ ከበሩ በታች ካለው በሀ ሜትር ቢበልጥ፣ ውሃው በበሩ ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት፣ ሰበቃውን ትተነው፣ √(20ሀ) ነው። ልዩነቱ 20 ሴንቲ ቢሆን?

ልጅ፦ 20 በ0.2፣ 4። ሩቱ 2። በሰከንድ 2 ሜትር።

ጋሼ፦ ፍጥነቱ እጥፍ፣ 4 ሜትር እንዲሆን ብንፈልግስ?

ልጅ፦ √(20ሀ) = 4። 20ሀ = 16። ሀ = 0.8። 80 ሴንቲ! ለእጥፍ ፍጥነት አራት እጥፍ ከፍታ።

ጋሼ፦ ይሄ ነው ገበሬውንና የውሃ ሠራተኛውን የሚያጣላው። ገበሬው ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃውም እጥፍ ይመጣልኛል ይላል፤ ሩቱ ግን ቆንጣጭ ነው። በተገላቢጦሹ ቦዩ ሲጎድልም ውሃው የሚቀንሰው በዝግታ ነው፤ እሱን ግን አመስግኖ የሚያወራ አልሰማሁም።

ልጅ፦ ጋሼ፣ ወደ ፈተናው እንመለስ። አንድ ነገር ልጠይቅ። √ሀ = ሀ ሲሰጠን ስኩዌር ከማድረግ ሁለቱንም ለ√ሀ ባካፍልስ? 1 = √ሀ ይሆናል፤ ሀ = 1። አጭር ነው፤ ድንኳን ሰባሪም የለውም።

ጋሼ፦ ዜሮንስ የት ጣልሻት? የዜሮ ሩት ዜሮ ነው፤ ትገጥማለች። ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር ስታካፍዪ የተጠራ እንግዳ በር ላይ ይቀራል። ስኩዌር ያበዛብሻል፤ ማካፈል ያጎድልብሻል። የበዛውን ቼክ አድርገሽ ትለዪዋለሽ። የጎደለውን ግን ምን ብለሽ ቼክ ታደርጊዋለሽ? ስሙ እንኳ ወረቀትሽ ላይ የለም። ሁለት ክፋት ከቀረበልሽ መብዛቱን ምረጪ።

ልጅ፦ ይሄኛውስ? √(ሀ + 3) + 5 = 2። 5ን ሳሻግረው √(ሀ + 3) = −3። (እጇ ይቆማል) ስኩዌር አላደርገውም።

እናት፦ ለምን? ያኛውን ሁሉ አድርገሽ የለ?

ልጅ፦ ሩት ማይነስ 3 አይሆንማ፣ እማዬ። ባደርገው 6 ይመጣል፤ ስመልሰው 3 ሲደመር 5፣ 8 ይሆናል። መልስ የለውም።

እናት፦ መልስ የለውም ብለሽ ጽፈሽ ማርክ ሊሰጡሽ?

ጋሼ፦ ምክንያቷን በአንድ መስመር ከጻፈች ይሰጧታል። እኔ ብሆን ዝም ብሎ መልስ የለውም ለሚለኝ ግማሹን ነው የምነሳው፤ ሸሽቶ ይሁን አውቆ አይታወቅም። የመጨረሻ ልስጥሽና ቡናችንን እንጠጣ። √(ሀ²) = −ሀ።

ልጅ፦ ስኩዌር ሳደርገው ሀ² = ሀ²። ሁሉም ቁጥር ልክ ሆነ! ለማንኛውም ሀ ይሠራል ማለት ነው?

ጋሼ፦ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በሩ ላይ ቁሚ።

ልጅ፦ ሩት የሌለበት ወገን −ሀ ነው። −ሀ ከዜሮ እንዳያንስ ሀ ከዜሮ መብለጥ የለበትም። −5ን ልሞክር። ስኩዌሩ 25፣ ሩቱ 5፤ የማይነስ 5 ማይነስም 5። ገባ። 5ን ልሞክር። ሩቱ 5፣ ወዲያ −5፤ ወጣ። ፖዘቲቮቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ ከዜሮ በታች ያሉት በሙሉ ይቀራሉ።

ጋሼ፦ ዜሮስ?

ልጅ፦ የዜሮ ማይነስ ያው ዜሮ ነው። ይቀራል።

ጋሼ፦ ጻፊው። ከፈለግሽበት በኩል ጀምረሽ።